በታሸገ ቤት ውስጥ ንጹህ አየር፦ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ሙቀት መላሽ የአየር ማናፈሻ ለሚያስገቡ የአሠራር መመሪያ

በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ከቀደሙት ከሚለዩባቸው ነገሮች አንዱ አየር አለማሳለፋቸው ነው። የጭቃው ቤትም ሆነ የሣር ክዳኑ ጎጆ በክዳኑ፣ በበሩና በግድግዳው ስንጥቅ አየር ያስገባና ያስወጣ ነበር። በውስጥም በውጭም የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ፣ ጎማ የገባለት የአሉሚኒየም መስኮትና የኮንክሪት ጣሪያ ያለው ቤት ግን መስኮቱ ከተዘጋ የውስጡ አየር እዚያው ይቀራል። በከተማችን ደግሞ መስኮት የሚዘጋበት ሰዓት የታወቀ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ትንኝ ይነሣል፣ ወባም የአካባቢው በሽታ በመሆኑ ቤተሰቡ ዘግቶ ያድራል። ሁለት ሰዎች 36 ሜትር ኩብ ይዘት ባለው መኝታ ክፍል ውስጥ በርና መስኮት ዘግተው ሲተኙ፣ በውጭ አየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 420 እጅ ያህል የሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ2000 እጅ ያልፋል። ጀርመናዊው የንጽሕና አጠባበቅ ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር እ.ኤ.አ. በ1858 ለመኖሪያ ክፍል ያስቀመጠው ወሰን 1000 እጅ ነበር፣ ዛሬም ብዙ መሐንዲሶች በዚሁ ይመራሉ።

ሙቀት መላሽ ማናፈሻ መስኮት ሳይከፈት አየር የሚለውጥ መሣሪያ ነው። በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ማራገቢያዎች አሉት። አንደኛው ከወጥ ቤት፣ ከመታጠቢያ ቤትና ከመጸዳጃ የቆየውን አየር ስቦ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ሁለተኛው የዚያኑ ያህል አየር ከውጭ ስቦ፣ በማጣሪያ አሳልፎ ወደ መኝታ ክፍሎችና ወደ ሳሎን ይልካል። ሁለቱ አየሮች በሳጥኑ መካከል ባለው የሙቀት መለዋወጫ ውስጥ በስስ የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም ገበታዎች ተለያይተው ስለሚተላለፉ፣ ሳይቀላቀሉ የሚወጣው ሙቀቱን ለሚገባው ያስረክባል። ጥሩ መለዋወጫ ከዚህ ሙቀት ከ75 እስከ 90 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። አሠራሩ ያደገው በብርድ አገሮች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በካናዳ ሬጂና ከተማ በተሠራው የሳስካችዋን የኃይል ቁጠባ ቤት፣ በኋላም በ1991 በጀርመን ዳርምሽታት በተጠናቀቁት የመጀመሪያዎቹ ፓሲቭ ቤቶች (በሚገባ ታሽገው እጅግ ጥቂት ማሞቂያ እንዲበቃቸው የተሠሩ ቤቶች) ውስጥ አገልግሏል። ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው የአሠራር መጽሐፍ የተጻፈው ለበረዶ አገር ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው፣ የታኅሣሥና የጥር ሌሊቷ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ለሚወርደው፣ የሚያዝያ ቀኗ ደግሞ 30 ዲግሪ ለሚጠጋው ለባሕር ዳር እንዳለ አይሠራም። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ይህንኑ ልዩነት መሠረት ያደረጉ ናቸው።

አንደኛ እርምጃ፦ ቤቱ መሣሪያውን ይፈልግ እንደሆነ መወሰን

በቅድሚያ የሙቀቱን ጉዳይ በቁጥር ማየት ይገባል፤ ሻጮች በብዛት የሚያወሩት ስለ እርሱ ነውና። አንድ ሜትር ኩብ አየርን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ በባሕር ወለል ላይ 0.33 ዋት ሰዓት ሲያስፈልግ፣ በባሕር ዳር ከፍታ አየሩ በአምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ 0.27 ዋት ሰዓት ይበቃል። በሰዓት 180 ሜትር ኩብ አየር የሚለወጥበት ቤት ውስጡ 20 ዲግሪ፣ ውጭው 9 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት 535 ዋት ያህል ሙቀት ከአየሩ ጋር ይወጣበታል፤ 80 በመቶ የሚመልስ መሣሪያ ከዚህ ውስጥ 428 ዋቱን ያስቀራል፣ ለማራገቢያዎቹ ደግሞ 72 ዋት ያህል ይወስዳል። በእኛ ከተማ ግን ቤቱን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ሰው እምብዛም ስለሌለ፣ የቀረው ሙቀት ከመብራት ሒሳብ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ አይሆንም። ጥቅሙ ሕፃንና አረጋዊ በሚተኙበት ክፍል ንጹህ አየር እየገባ ክፍሉ አለመቀዝቀዙ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀን ላይ ይህም ጥቅም አይኖርም፤ የሚቀረው የአየር መለወጡና የማጣራቱ ሥራ ብቻ ነው።

ስለዚህ በእኔ እምነት መሣሪያውን ማስገባት የሚገባው በሦስት ዓይነት ሁኔታ ነው። አንደኛው፣ ቤቱ ገና በፕላን ላይ ያለና በሚገባ ታሽጎ የሚሠራ ሲሆን ነው። ሁለተኛው፣ አቧራና የተሽከርካሪ ድምፅ ባለበት ዋና መንገድ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ቀንም ሌሊትም መስኮት መክፈት ሲያቅታቸው ነው። ሦስተኛው፣ በቤቱ ውስጥ አስም ወይም ሌላ የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው ሲኖር ነው። ከዚህ ውጭ ላለ ቤት፣ በመታጠቢያ ቤትና በወጥ ቤት ጥሩ አውጪ ማራገቢያ፣ በመኝታ ክፍሎች መስኮት ላይ ደግሞ የትንኝ ወንፊት በቂ ነው፣ ወጪውም በብዙ እጥፍ ይቀንሳል።

የቤቱን መታሸግ ሳይፈትሹ መወሰን አይገባም። በቆርቆሮ ክዳን ሥር የተሠራ ኮርኒስ በጠርዙ፣ በመብራት ቀዳዳዎቹና በመውጫው ክዳን በኩል አየር የሚያሳልፍ ከሆነ፣ አየሩ መሣሪያውን ሳይነካ በዚያ ስለሚወጣና ስለሚገባ የሚመለስ ሙቀት አይኖርም፣ አቧራውም ሳይጣራ ይገባል። ነፋስ ባለበት ከሰዓት በኋላ በሮችና መስኮቶች ሁሉ ተዘግተው፣ የሚጤስ የዕጣን ጧፍ በመስኮት ጠርዝ፣ በኮርኒስና በግድግዳ መገናኛ፣ በሶኬቶችና በቧንቧ መግቢያዎች ዙሪያ ቀስ ብሎ ማዞር ጥሩ መፈተኛ ነው። ጭሱ የሚወዛወዝበት ቦታ ምልክት ተደርጎበት፣ ትንንሹ በሲሊከን፣ ሰፋ ያለው በፎምና በልስን ይደፈናል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ከኮርኒስ በላይ ሳይለሰን የቀረ ግድግዳ አየር ከክዳን ሥር ወደ ሶኬት ቀዳዳ እንደሚያወርድም መታወስ አለበት፤ ግድግዳው እስከ ላይኛው ቢም ድረስ መለሰን አለበት።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ጭስንና እንፋሎትን ከምንጩ ማስወገድ

ይህን እርምጃ ማንም እንዳይዘለው አጥብቄ እለምናለሁ። ማናፈሻው ሰዎች የሚተነፍሱትን አየርና የቤቱን ተራ እርጥበት እንዲለውጥ የተሠራ እንጂ የከሰል ምድጃ ጭስ ማውጫ አይደለም። ከሰል ሲቀጣጠልም ሆነ ፍም ሲሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥም ሰው ተኝቶ እንዳለ ይገድላል። መሣሪያው በሰዓት የሚለውጠው የቤቱን አየር ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ ከዚህ አያድንም። ስለዚህ የከሰል ምድጃ በረንዳ ላይ ወይም በሰርቪስ ቤት ይቀመጥ፤ ቡናውም ሳሎን ውስጥ የሚፈላ ከሆነ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን። በመኝታ ክፍሎች አካባቢ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መስቀልም ከማናፈሻው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ዕጣን ሌላ ጉዳይ ነው። የዕጣን ጭስ ጥቃቅን ብናኝ ስለሆነ በመሣሪያው ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ቡና በሚፈላበት ጊዜ መሣሪያውን ወደ ከፍተኛው ፍጥነት የሚያዞር ማብሪያ በሳሎን አጠገብ ቢኖር በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ልዩነቱ ይታያል።

የእንጀራ መጋገሪያ እንፋሎት ከቤተሰብ እርጥበት ትልቅ ድርሻ ይይዛል። አራት ሰዎች ያሉበት ቤት በምግብ ማብሰል፣ በመታጠብ፣ በልብስ ማድረቅና በመተንፈስ ብቻ በቀን እስከ 10 ሊትር የሚደርስ ውሃ ወደ አየር ሊያወጣ ይችላል፤ ምጣድ ሲጨመር ከዚህም ይበልጣል። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የውጭውም አየር እርጥብ ስለሆነ ይህ ሁሉ ውሃ ከቁም ሣጥን ጀርባና ከግድግዳ ጥግ ላይ ሻጋታ ሆኖ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ በሰርቪስ ቤት ቢሆን ይመረጣል፤ ዋናው ወጥ ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ለብቻው ወደ ውጭ የሚያወጣ የምድጃ ማውጫ በላዩ ይተከል። የምድጃው ማውጫ ቱቦ በምንም ምክንያት ከሙቀት መላሹ ቱቦ ጋር አይገናኝ፤ የምግብ ቅባት መለዋወጫውን ይደፍነዋል፣ በቱቦው ውስጥ ሲከማችም ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ የአየሩን መጠን ማስላት

የፓሲቭ ቤት መሐንዲሶች ለአንድ ሰው በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ንጹህ አየር ይመድባሉ፤ ለሚወጣው ደግሞ ከወጥ ቤት 60፣ ከመታጠቢያ ቤት 40፣ ከመጸዳጃ ወይም ከልብስ ማጠቢያ ክፍል 20 ሜትር ኩብ ያሰላሉ። በባሕር ዳር ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ከአንድ ሰው የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያው ልክ ላይ ለማቆየት ለአንድ ሰው 36 ሜትር ኩብ መመደብ ተገቢ ነው።

በሽምብጥ ወይም በቀበሌ 14 አካባቢ የሚሠራ፣ ወለሉ 160 ካሬ ሜትር፣ ቁመቱ 2.7 ሜትር የሆነ፣ አምስት ሰዎች የሚኖሩበት ቤት እንውሰድ። ለአምስት ሰዎች በሰዓት 180 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ከወጥ ቤቱ 60፣ ከሁለቱ መታጠቢያ ቤቶች ሰማንያ፣ ከእንግዳ መጸዳጃው 20፣ ከልብስ ማጠቢያው 20 ሲወጣ ድምሩ 180 ይሆናል። የሚገባውም እንደዚሁ ለሳሎን 60፣ ለባልና ሚስት መኝታ 45፣ ለሦስቱ የልጆች ክፍሎች ለእያንዳንዳቸው 25 ሲደረግ 180 ይሞላል። የቤቱ የውስጥ ይዘት 432 ሜትር ኩብ ስለሆነ አየሩ በየሰዓቱ 0.42 ጊዜ ይለወጣል ማለት ነው፤ ይህም ለመኖሪያ ቤት ደኅና መጠን ነው። ባልና ሚስቱ ሕፃን አብሮአቸው የሚያስተኙ ከሆነ ከሳሎን ቀንሶ ወደ መኝታቸው መጨመር ይሻላል፣ ሳሎኑ ሌሊት ባዶ ነውና። የሚገባውና የሚወጣው በድምር እኩል ካልሆኑ ስሌቱ እስኪስተካከል ወደሚቀጥለው እርምጃ አይለፉ።

አራተኛ እርምጃ፦ መሣሪያውን መምረጥ

መሣሪያው ዘወትር በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ ከሆነ ይጮሃል፣ ኃይልም ያባክናል። ስለዚህ ከላይ የተሰላው 180 ሜትር ኩብ ከመሣሪያው ከፍተኛ አቅም ከ60 እስከ 70 በመቶው ላይ እንዲያርፍ፣ በሰዓት ከ250 እስከ 300 ሜትር ኩብ የሚችል ይመረጣል። ሻጩ የሚሰጠው ቁጥር በ100 ፓስካል (ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው) የቱቦ ተቃውሞ ላይ የተለካ መሆኑን ይጠይቁ፤ ያለ ቱቦ የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም።

ለባሕር ዳር የግድ የሚያስፈልገው ባይፓስ ነው፤ ይህም አየሩ መለዋወጫውን ሳይነካ እንዲያልፍ የሚያደርግ በር ነው። ባይፓስ የሌለው መሣሪያ በሚያዝያ ሌሊት ቤቱ ሊቀዘቅዝ ሲገባው የቀኑን ሙቀት መልሶ ያስገባል። በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ አየሩንም በከፊል ሳይሆን ሙሉ በሙሉ የሚያሳልፍ ይሁን።

በተቃራኒው ሁለት ነገሮች አያስፈልጉም። አንደኛው በመግቢያው ላይ የሚገጠመው የበረዶ መከላከያ ማሞቂያ ነው፤ በጣና ዳርቻ መለዋወጫ በረዶ አይሠራም። ሁለተኛው እርጥበትን የሚመልስ መለዋወጫ ነው፤ እኛ በክረምት እርጥበቱን ማውጣት እንጂ መመለስ አንፈልግም። ለእነዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ለተሻለ ማጣሪያና ለመለዋወጫ ዕቃ ይዋል። በሚገባው አየር በኩል ጥቃቅን ብናኝ የሚይዘው ኤፍ7 የሚባለው የማጣሪያ ደረጃ፣ በሚወጣው በኩል ሻካራ አቧራ የሚይዘው ጂ4 ይበቃል። ከመግዛትዎ በፊት ማጣሪያው በልዩ ቅርጽ የተሠራ ወይስ በልኩ ተቆርጦ የሚገባ ጨርቅ እንደሆነ ይመልከቱ። በልኩ የሚቆረጠው ከአዲስ አበባም ሆነ ከሌላ ቦታ ለማግኘት ይቀላል፤ ልዩ ቅርጽ ያለው ከሆነ የሁለት ዓመት ማጣሪያ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይገዛ።

አምስተኛ እርምጃ፦ የመሣሪያው ቦታና የውጭ ቀዳዳዎች

መሣሪያውን በቆርቆሮ ክዳን ሥር ማስቀመጥ የተለመደ ፈተና ነው፣ ቦታው ባዶ ስለሆነ። ነገር ግን ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል ከሥሩ ያለው አየር መሣሪያውንም የሚያልፈውንም አየር ያግላል፣ ማጣሪያ ለመቀየርም መሰላል የሚያስፈልግ ከሆነ ማንም አይቀይረውም። የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ዕቃ ቤት ወይም የደረጃ ሥር ይሻላል፤ ከመኝታ ክፍል ጋር የሚጋራ ግድግዳ ላይ ግን አይሰቀል። ክብደቱ ከ30 እስከ 50 ኪሎ ስለሚደርስ፣ ክፍት ብሎኬት ደግሞ ቡሎንን በደንብ ስለማይዝ፣ ከወለል በሚነሣ የብረት ማዕቀፍ ላይ ተቀምጦ በመካከሉ ጎማ እንዲገባ እመክራለሁ።

ከመሣሪያው ሥር የውሃ መውረጃ ቱቦ የግድ ነው። በጥር ሌሊት ከመታጠቢያ ቤት የሚመጣው እርጥብ አየር በመለዋወጫው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ያንጠባጥባል። መውረጃው ሳይቋረጥ ወደ ታች ያዘንብል፣ ወደ ፍሳሽ መስመር ከመግባቱ በፊትም ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይዞ ሽታ የሚከለክል የታጠፈ ቱቦ፣ ማለትም ሳይፎን፣ ይኑረው። በበጋ ሳይፎኑ ስለሚደርቅ የሴፕቲክ ታንኩ ሽታ በቱቦው ወጥቶ በየመኝታ ክፍሉ ሊታደል ይችላል፤ ውሃ ሳያስፈልገው የሚዘጋ ባለ ኳስ ሳይፎን ከተገኘ እርሱ ይመረጣል።

የአየር መሳቢያው ቦታ ከሁሉም ይልቅ አሳብ የሚጠይቅ ነው። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ስለምትገኝ ቀን ላይ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው፣ ሌሊት ደግሞ ከየብሱ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። ወደ ሰሜን የዞረ መሳቢያ ቀን ንጹህ የሐይቅ አየር ያገኛል። ማታ ግን የሰፈሩ የማገዶና የከሰል ጭስ የሚመጣው ከደቡብ ስለሆነ፣ ቤቱ ራሱ መሳቢያውን ከጭሱ ይከልለዋል። መሳቢያው ከመሬት ቢያንስ 2.5 ሜትር ከፍ ይበል፤ ከማስወጫው ቀዳዳ በአግድም ከ2 ሜትር ያላነሰ ይራቅ፤ ከሰርቪስ ቤቱ ጭስ ማውጫ፣ ከሴፕቲክ ታንኩ የመተንፈሻ ቱቦና ከጄኔሬተር ደግሞ የግቢው ስፋት እስከፈቀደ ድረስ ይራቅ። የጎረቤት ጄኔሬተር የት እንደሚቆምም ይጠይቁ። የውጭ መብራት በመሳቢያው አጠገብ አይተከል፤ በሐይቁ ዳር ትንንሽ በራሪዎች በመብራት ዙሪያ ተሰብስበው በአንድ ሌሊት ወንፊቱን ሊሸፍኑት ይችላሉ። ወንፊቱ ትንኝ የማያሳልፍ መሆን ስላለበትና እንዲህ ያለው ጠባብ ወንፊት ቶሎ ስለሚደፈን፣ የመሳቢያው አፍ ከቱቦው ሁለት እጥፍ በሚሰፋ ሳጥን ተሠርቶ ወንፊቱ በእጅ ተነቅሎ የሚታጠብ ይሁን።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ቱቦዎቹን መዘርጋት

አዲስ በሚሠራ ቤት ቱቦው የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ስላብ ከመሞላቱ በፊት በፒቪሲ ቁራጭ ተይዘው ይተዋሉ። ቢም ወይም ዓምድ በኋላ መቦርቦር ፈጽሞ አይገባም፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ በስትራክቸር መሐንዲሱ ፕላን ላይ ይመዝገብ።

ከመሣሪያው እስከ ውጭና እስከ ማከፋፈያ ሳጥኖቹ ያለው ዋና ቱቦ 150 ወይም 160 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በ150ው ውስጥ 180 ሜትር ኩብ በሰዓት ሲያልፍ የአየሩ ፍጥነት በሴኮንድ 2.8 ሜትር ይሆናል፣ ከ3 ሜትር በላይ ከሆነ ግን ድምፅ ይጀምራል። ከማከፋፈያ ሳጥኑ ወደየክፍሉ የሚሄደው 75 ሚሊ ሜትር ተጣጣፊ የፕላስቲክ ቱቦ አንዱ እስከ 30 ሜትር ኩብ ይሸከማል፤ ስለዚህ ለሳሎንና ለወጥ ቤት ሁለት ሁለት፣ ለባልና ሚስት መኝታም ሁለት፣ ለልጆች ክፍል አንድ አንድ ይዘረጋል። እያንዳንዱ መታጠቢያ ቤትም 40 ስለሚፈልግ ሁለት ይገባዋል። የተሸበሸበው የአሉሚኒየም ፎይል ቱቦ ርካሽ ቢሆንም ተቃውሞው ብዙ ነው፣ አቧራም ይይዛል፤ ከመሣሪያው ጋር ለሚገናኝ አጭር ቁራጭ ካልሆነ አይጠቀሙበት። ከመሣሪያው ቀጥሎ በሚገባውም በሚወጣውም በኩል ድምፅ የሚመጥጥ ቁራጭ ይግባ።

ከውጭ ወደ መሣሪያው የሚመጣውና ከመሣሪያው ወደ ውጭ የሚሄደው ቱቦ በቤቱ ውስጥ የሚያልፉት ርዝመት ሁሉ በመስታወት ሱፍ ተጠቅልሎ ላዩ አየር በማያሳልፍ ፎይል ይታሸግ፤ አለዚያ በብርድ ሌሊት ላዩ ላይ ውሃ እየተጠራቀመ ኮርኒሱን ያበላሻል። በኮርኒስና በቆርቆሮ መካከል የሚያልፍ ቱቦ ደግሞ የትኛውም ይሁን የት 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ሱፍ ይሸፈን።

በግንባታው ወቅት የቱቦው አፍ ሁሉ በክዳን ይዘጋ። የሲሚንቶና የሊሾ ብናኝ አንድ ጊዜ ከገባ አይወጣም። ሥራው ሲያበቃ ደግሞ የመኝታና የመታጠቢያ በሮች ከሥራቸው ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር እንዲነሡ አናጺውን ያዙ፤ አየሩ ከመኝታ ወጥቶ ወደ መታጠቢያው የሚሄደው በዚያ ነው። ብዙ አናጺዎች ይህን እንደ ስሕተት ቆጥረው በሩን ከወለሉ ጋር ያስተካክሉታል፣ ስለዚህ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገራቸው።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ኤሌክትሪክና የመብራት መቋረጥ

መሣሪያው በ220 ቮልት ይሠራል፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር ይኑረው። ማራገቢያዎቹን የሚመራው ኤሌክትሮኒክስ በቮልቴጅ መዋዠቅ ስለሚጎዳ ስታቢላይዘር ይቅደመው። መብራት ሲቋረጥ የሚቀጥል እንዲሆን ከተፈለገ፣ 100 አምፔር ሰዓት ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ግማሹ ብቻ ሥራ ላይ ሲውል 600 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ኢንቨርተሩ የሚወስደው ተቀንሶ 72 ዋት የሚፈልገውን መሣሪያ ሰባት ሰዓት ገደማ ያቆየዋል። ባትሪም ቢኖር እያንዳንዱ መኝታ ክፍል ወንፊት ያለው የሚከፈት መስኮት ሊኖረው ይገባል።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ማመጣጠን

ይህ ሥራ ካልተሠራ የተገዛው መሣሪያ የሚጮህ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። በመጀመሪያ ቤቱ ተጠርጎ ማጣሪያዎቹ አዲስ ይደረጉ፤ በሮችና መስኮቶች ይዘጉ፤ በየክፍሉ በቱቦዎቹ አፍ ላይ የሚገጠሙት የአየር መጠን መቆጣጠሪያ ቫልቮች ሁሉ ሙሉ በሙሉ ይከፈቱ። መሣሪያው በመካከለኛ ፍጥነት ላይ ሆኖ የእያንዳንዱ ቫልቭ አየር በጉልላት መሰል መሸፈኛና በባለ ተሽከርካሪ ክንፍ የነፋስ መለኪያ ይለካ። በጋለ ሽቦ የሚለካው ዓይነት የሚያነበው የአየሩን ክብደት ስለሆነ በእኛ ከፍታ ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል፤ ተስተካካይ ካልሆነ በቁጥሩ አይታመኑ። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት የሚገፋው የአየር ይዘት በከፍታ ምክንያት አይቀንስም፣ ስለዚህ በክንፍ መለኪያው ያገኙት ሜትር ኩብ ትክክለኛው ነው።

ከልኩ አብዝቶ የሚያስገባው ቫልቭ መጀመሪያ ጠበብ ይደረጋል፤ አንዱ ሲጠብ የሌሎቹ ስለሚጨምር ዙሩ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይደገማል። በጣም ሩቅ ያለው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆኖ መቅረት አለበት፤ እርሱም ካልደረሰለት የመሣሪያው ፍጥነት ይጨመር። በመጨረሻ የሚገባውና የሚወጣው ድምር በ5 በመቶ ውስጥ እኩል ሆኖ ሲገኝ የቫልቮቹ መቆለፊያ ይጥበቅ፣ አቋማቸውም በማይለቅ ቀለም ምልክት ይደረግበት። ሌሊት መኝታ ክፍሉ ጸጥ ባለ ጊዜ ድምፁን ማዳመጥም የልኬቱ ክፍል ነው፤ ከ25 እስከ 30 ዴሲቤል ከሆነ አብዛኛው ሰው አይሰማውም። ድምፅ የሚረብሸው ሰው ቫልቩን በጨርቅ ስለሚወትፍ፣ የሚያፏጭ ቫልቭ ሳይስተካከል ሥራው እንዳለቀ አይቆጠር።

ቀድሞ ለተሠራ ቤት

ኮርኒሱን ማፍረስ ለማይፈልግ ሰው በግድግዳ ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ። 160 ሚሊ ሜትር በሚሆን ቀዳዳ ውስጥ የሸክላ ክፍል ይቀመጣል፤ ማራገቢያው ለአንድ ደቂቃ ገደማ አየሩን ሲያወጣ ሸክላው ይሞቃል፣ ከዚያ አቅጣጫ ቀይሮ ሲያስገባ ሙቀቱን ይመልሳል። ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ሲያስገባ ሌላው ሲያወጣ ይሠራሉ። የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከልስኑ ጋር 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ደግሞ ከዚያ የሚረዝሙ በመሆናቸው፣ ወደ ውጭ የሚወጣ የዝናብ ቆብ ያለው ዓይነት ይፈለግ። ቀዳዳው ወደ ውጭ ዝቅ ያለ ይሁን፤ የክረምት ዝናብ በነፋስ ሲገፋ ወደ ቤት እንዳይገባ ነው። በጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው የውጭ ግድግዳውን ከመብሳቱ በፊት የማኅበሩን ፈቃድ ይጠይቅ። ሻጮች የሚናገሩት የአየር መጠን የአንዱ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ በእውነት የሚለወጠው ግማሹ ነው፤ ስሌቱ በዚያ ይሠራ።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ በየወቅቱ መጠቀምና መንከባከብ

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ባይፓሱ በራሱ እንዲሠራ ይተው። በመጋቢት ባይፓሱ የሚከፈትበት ሙቀት ወደ 22 ዲግሪ ዝቅ ይደረግ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋትም ፍጥነቱ ከፍ ይበል፣ ግድግዳውና ስላቡ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ቀኑን እንዲያሳልፍ። በክረምት ግን ፍጥነቱ ከተሰላው በታች አይውረድ፤ ልብስ በቤት ውስጥ የሚሰጣው በዚህ ወቅት ነው።

የውጭ ወንፊቱ በየሁለት ሳምንቱ ይታይ፣ በዝናቡ መጀመሪያ ሳምንታት ደግሞ ነፍሳት ስለሚበዙ በየሳምንቱ። ማጣሪያዎቹ በየሦስት ወሩ ይፈተሹ፤ አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ባልደረሰው መንገድ ዳር ያለ ቤት በበጋ ከዚህ ቀድሞ ሊቀይር ይችላል። ኤፍ7 ማጣሪያ አይታጠብም፤ ታጥቦ የተመለሰ ማጣሪያ ንጹህ ቢመስልም ጥቃቅን ብናኝ አይዝም። መለዋወጫው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከመስቀል በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ተስቦ በለብ ያለ ውሃ ይታጠብ፤ የውሃ መውረጃው በብርጭቆ ውሃ ይፈተን፣ ሳይፎኑም ይሞላ። መሣሪያውን በሚገባ የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ልኬት ውጤት፣ የቫልቮቹን አቋምና የማራገቢያውን ፍጥነት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ በመሣሪያው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፍ። በኋላ የሚመጣው ኤሌክትሪሺያን ወይም የቤቱ አዲስ ባለቤት አየሩ መቀነሱን የሚያውቀውና ወደ ልኩ የሚመልሰው ከዚያ ወረቀት ጋር እያነጻጸረ ነው።